ቴስት ላይ «ሰላም»፣ ፕሮዳክሽን ላይ «???»

ምልክቱ። ቴስት ሰርቨር ላይ አማርኛውን አሳምሮ የሚጽፍ የጃቫ መተግበሪያ ፕሮዳክሽን (ትክክለኛው ሥራ የሚሠራበት ሰርቨር) ላይ ሲጫን የደንበኛው ስም በጥያቄ ምልክት ይሞላል። የተጫነው ፋይል ያው ነው፤ ስለዚህ ኮድ መበርበሩን ለጊዜው ተዉት።

መጀመሪያ የተበላሸው ምን እንደሆነ እንለይ። ዳታቤዙ ማይኤስኪውኤል ላይ ስሙ የተቀመጠበትን ዓምድ፣ ባይቶቹን እንዳሉ በሚያሳየው በሄክስ ፈንክሽን አውጡት። በዩቲኤፍ-8 ኢንኮዲንግ (ፊደልን ወደ ባይት የመቀየሪያ ስልት) አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ «ሰላም» 9 ባይት ነው፣ እያንዳንዱም ፊደል በኢ1 ይጀምራል። እንዲህ ከታየ ዳታው አለ፣ ችግሩ ንባቡ ላይ ነው። 3ኤፍ እየተደጋገመ ከመጣ ግን የተቀመጠው ራሱ የጥያቄ ምልክት ነው። ያንን የትኛውም ቅንብር አይመልሰውም፤ ከባክአፕ ወይም ከወረቀቱ ቅጽ እንደገና መሙላት ግድ ይላል። ለዚህ ነው በየሰዓቱ መዝገብ የሚገባበት ሲስተም ላይ ይህ ችግር አንድ ቀን ማደር የሌለበት።

መንስኤው። ከጃቫ 18 በፊት ጃቫ ነባሪ ኢንኮዲንጉን የሚወስደው ከኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ሎኬል (የቋንቋና የፊደል ቅንብር) ነው። ቴስት ላይ ብዙ ጊዜ መተግበሪያውን የሚያስኬደውን ቶምካትን በእጁ የሚያስነሳው ገብቶ የሚሠራ ሰው ነው፤ የሱ ተርሚናል ዩቲኤፍ-8 አለው። ፕሮዳክሽን ላይ የሚያስነሳው የሊኑክስ ሰርቪስ አስነሺው ሲስተምዲ ነው፤ እሱ የተጠቃሚውን የሼል ፋይሎች አያነብም። የሰርቨሩ ሎኬል ካልተሞላ ጃቫ በአስኪ ይነሳል፤ አስኪ ደግሞ ፊደላችንን አያውቅም።

ይህን ለማረጋገጥ ተርሚናላችሁ ላይ ሎኬል ብላችሁ አትጠይቁ፤ የሚመልስላችሁ የራሳችሁን ነው። ከጃቫ ጋር በሚመጣው ጄሲኤምዲ በተባለ ትእዛዝ እየሠራ ያለውን ፕሮሰስ የሲስተም ፕሮፐርቲዎች ከሁለቱም ሰርቨሮች አውጥታችሁ ጎን ለጎን አስተያዩ።

መፍትሄው። በሲስተምዲ ሰርቪስ ፋይሉ ላይ ሎኬሉን የሚወስነውን የላንግ ተለዋዋጭን ዩቲኤፍ-8 አድርጉና ሰርቪሱን እንደገና አስነሱ። ዘላቂው ግን ኮዱ ፋይል ሲያነብና ሲጽፍ ኢንኮዲንጉን በግልጽ እንዲጠራ ማድረግ ነው። በ2022 የወጣው ጃቫ 18 ነባሪውን ዩቲኤፍ-8 ቢያደርገውም የፋይል ስም አሁንም ሎኬሉን ይከተላል፤ በአማርኛ የተሰየመ አባሪ የሚቀበል ሲስተም ላንግን መሙላት አይቀርለትም።

ኢንኮዲንጉ ተመሳስሎም ካልተስተካከለ ቴብሉን እዩ። ከማይኤስኪውኤል 8.0 በፊት ነባሪው አማርኛን የማያውቀው ላቲን1 ኢንኮዲንግ ነበር፤ ዳታቤዙ ቢሻሻልም የቆየ ቴብል እንደነበረ ይቀራል። ባክአፕ ይዛችሁ ወደ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 (የማይኤስኪውኤል ሙሉው ዩቲኤፍ-8) ቀይሩት። አንድ ጥንቃቄ፦ የላቲን1 ዓምዱ ውስጥ በኢ1 የሚጀምሩ ባይቶች ካሉ በቀጥታ አትለውጡት፤ ሁለት ጊዜ ኢንኮድ ይሆናል። መጀመሪያ ወደ ባይነሪ፣ ከዚያ ወደ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ውሰዱት።