የኳርትዝ ድንጋይ ቀለሙን ከየት እንዳመጣው እንዴት ይታወቃል?

ባሕር ዳር ጥቁር ድንጋይ ሞልቷል፤ ባዛልት ነው። አንዳንዴ ቀዳዳው ውስጥ የሚያብለጨልጭ ነገር ይገኛል። የሰፈር ልጆች «አልማዝ አገኘን!» እያሉ ያመጡልኛል። አልማዝ አይደለም፣ ኳርትዝ የሚባለው ማዕድን ሊሆን ይችላል፤ ማየቱ ግን አይከፋም።

መጀመሪያ ኳርትዝ መሆኑን አረጋግጡ። የጠርሙስ ስባሪ ላይ ጫን አድርጋችሁ ጎትቱት። ኳርትዝ ከሆነ ይጭረዋል፤ በሞስ መለኪያ ጥንካሬው 7 ነው፣ የጠርሙስ 5.5 ገደማ።

ቀጥሎ አጥባችሁ በስልክ መብራት እዩት። ንጹሕ ኳርትዝ ሲሊከንና ኦክስጅን ብቻ ስለሆነ ቀለም የለውም። ወተት የመሰለው ውስጡ ጥቃቅን የፈሳሽ ጠብታዎች ስላሉ ነው። ቀይና ብርቱካናማው የብረት ዝገት ነው፤ ቀይ አፈራችንን ያቀላውም እሱው ነው።

ነገሩ የሚጠጥረው ወይን ጠጁ ላይ ነው፣ አሜቲስት የሚባለው። ውስጡ ጥቂት ብረት አለ፤ ብረቱ ብቻውን ግን ወይን ጠጅ አያደርገውም። በዙሪያው ካለው አለት የሚወጣ የተፈጥሮ ጨረር ለብዙ ዘመን ሲመታው ከብረቱ ኤሌክትሮን ይነጥቃል፤ ቀለሙ የሚመጣው ያኔ ነው። ጭስ የመሰለው ኳርትዝም እንዲሁ ነው፣ በብረት ፈንታ አሉሚኒየም አለው። ጨረር የሠራውን ሙቀት ያፈርሰዋል። ስለዚህ መፈተኛው እሳት ነው።

እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። እኔ የመጀመሪያውን አጥቤ፣ በደንብ ሳላደርቅ፣ እናቴ ቡና የምታፈላበት ፍም ላይ ወረወርኩት። እንደ ፈንዲሻ ጧ አለ። ፍንጣሪው ረከቦቱ ላይ ያለ ሲኒ ሰበረ፤ ዓይኗን ለጥቂት ሳታት። እስከ አሁን ይነሳብኛል። ውስጡ የታሰረ ፈሳሽ ሲሞቅ ይገፋል፤ ድንገተኛ ሙቀትም ይሰነጥቀዋል። በዚያ ላይ 573 ዲግሪ ሲደርስ ኳርትዝ የውስጥ አሠራሩን ስለሚቀይር በአንዴ ይለጠጣል።

ስለዚህ ሁለት ቀን አድርቁት። አሮጌ ሸክላ ድስት ውስጥ ደረቅ አሸዋ ሙሉና መሐሉ ቅበሩት፤ ክደኑት። ደጅ አውጥታችሁ በትንሽ ከሰል ጀምሩ፣ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። መነጽር አድርጉ። ቀለሙ ከጨረር የመጣ ከሆነ ከ400 እስከ 500 ዲግሪ አካባቢ ይለወጣል። ከሰሉ ሲያልቅ አትክፈቱት፤ ይደር። ያለ አሸዋ እናፍጥነው የሚሉ አሉ፤ ሲኒያቸውን ያስቡ። የእኔ ሁለተኛው አሜቲስት ጠዋት ሳወጣው ጫፉ ቢጫ፣ ግርጌው ነጭ ሆኖ ነበር። ገበያ ላይ ሲትሪን ተብሎ የሚሸጠው አብዛኛው ቢጫ በዚህ መንገድ የተሠራ ነው።

ደማቅ ሰማያዊ አጌት፣ ማለትም መስመር መስመር ያለው የኳርትዝ ዓይነት፣ ከገዛችሁ እሳት አያስፈልግም። ጥጥ በአሴቶን ነክራችሁ ጥረጉት፤ ጥጡ ከቀለመ ድንጋዩ ቀለም ተነክሮ ነው። ባይቀልምም አትመኑ፤ ስንጥቁ ላይ ቀለሙ ተከማችቶ እንደሆነ በማጉያ መነጽር እዩ።

ከወሎ ደላንታ የሚወጣው ኦፓል የሚባል የከበረ ድንጋይ ካላችሁ ግን ወደ ከሰሉ አታስጠጉት። እሱ ኳርትዝ አይደለም፤ ውስጡ ውኃ አለ፣ ይሰነጠቃል።