ከስልኩ በፊት ጤፉ

ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ፣ እቁቡ ጥር ላይ ከደረሳችሁ ሞባይል ቤት ከመሮጣችሁ በፊት የዓመቱን ጤፍ ግዙ። እህል ተወቅቶ ገበያው ሲሞላ ዋጋው ረገብ ይላል። ነሐሴ ላይ በኪሎ የሸመተ ልዩነቱን ያውቀዋል።

ስትገዙ እፍኝ ዘግናችሁ መዳፋችሁ ላይ እፍ በሉበት። ገለባው ይበራል፣ አሸዋው ይቀራል፤ ነጋዴው ቢቆጣም ይቆጣ! ጆንያውን ሳንቃ ላይ ከፍ አድርጉት፣ ከግድግዳም ራቅ ይበል። የደሴ ክረምት እርጥበቱ ቀልድ አያውቅም። ጤፍን ነቀዝ ብዙም አይደፍረውም። ማሽላና በቆሎ ግን ለዓመት አታከማቹ።

ስልኩን ከተረፈው ብር ግዙ። ሰርግ ላይ ጠረጴዛ ላይ ለማስቀመጥ ብቻ ከሆነ ግን የድሮውም ይደውላል፣ ወላሂ።