ለቤት ውስጥ የእንጨት መሥሪያ ክፍል የፍሎረሰንት መብራት አመራረጥና አሰቃቀል

የግቢውን መኪና ማቆሚያ የእንጨት መሥሪያ ያደረገ ሰው ብዙውን ጊዜ ስለ መብራት የሚያስበው በመጨረሻ ነው፤ ኮርኒሱ መሐል አንድ ፍሎረሰንት ይሰቅልና ሥራውን ይጀምራል። ይህ መኪና ለማቆም ይበቃል። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ በሥራ ጠረጴዛው ላይ ለሚያጎነብስ ሰው ግን ብርሃኑ ከጀርባው ስለሚመጣ፣ የገዛ ጥላው መጋዙ በሚያርፍበት መስመር ላይ ይወድቃል። ስለዚህ መብራት ከመገዛቱ በፊት ጠረጴዛውና ማሽኖቹ የሚቆሙበት ቦታ መወሰን አለበት።

የብርሃኑን መጠን በቀላሉ ማስላት ይቻላል። የአውሮፓ የሥራ ቦታ መብራት ደረጃ ለአናጢ ጠረጴዛ 300 ሉክስ (ሉመን የብርሃን መጠን መለኪያ ሲሆን፣ አንድ ሉክስ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚያርፍ አንድ ሉመን ነው)፣ ለእንጨት ሥራ ማሽን ደግሞ 500 ሉክስ ይጠይቃል። ክፍሉ 3 በ6 ሜትር ቢሆን ስፋቱ 18 ካሬ ሜትር ነው፤ በ500 ሲባዛ 9,000 ሉመን ይሆናል። ከአምፖሉ ከሚወጣው ብርሃን ግን ግማሽ ያህሉ በግድግዳ፣ በአቧራና በአምፖሉ እርጅና እንደሚባክን መገመት ስለሚያስፈልግ 18,000 ሉመን መያዝ ይሻላል። ጥሩ ባለ 36 ዋትና 120 ሴንቲ ሜትር አምፖል 3,300 ሉመን ገደማ ይሰጣል፤ ስለዚህ ስድስት አምፖል፣ ማለትም ሦስት ባለ ሁለት አምፖል መያዣ ይበቃል። ግድግዳውንና ኮርኒሱን ነጭ መቀባት ብክነቱን በእጅጉ ይቀንሳል።

አምፖሉ ጫፍ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ማንበብ ተገቢ ነው። 840 ከሆነ 8ቱ ቀለምን ከ80 በላይ በሆነ ደረጃ በትክክል እንደሚያሳይ፣ 40ው ደግሞ የብርሃኑ ቀለም 4,000 ኬልቪን፣ ማለትም ወደ ቢጫም ወደ ሰማያዊም ብዙ ያላደላ ነጭ መሆኑን ይገልጻል። ርካሹ 765 ቀለምን ያደበዝዛል፤ ቫርኒሽ ለሚቀባና የእንጨት ቀለም ለሚያመሳስል ሰው አይመከርም።

ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚሻው ባላስቱ፣ ማለትም ወደ አምፖሉ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ የሚቆጣጠረው ዕቃ ነው። ስታርተር (አምፖሉን የሚያስነሳ ትንሽ ዕቃ) ያለው የድሮው ከባድ ባላስት፣ የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ፣ ብርሃኑን በሰከንድ 100 ጊዜ ከፍ ዝቅ ያደርገዋል። ዓይን ይህን ባያስተውለውም፣ የሚሽከረከር ክብ መጋዝ ወይም ቶርኖ ፍጥነቱ ከዚህ ምት ጋር ሲገጥም የቆመ ወይም በዝግታ የሚዞር ሊመስል ይችላል፤ እጅ የሚቆረጠው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው። ኤሌክትሮኒክ ባላስት ግን አምፖሉን በሰከንድ ከ20,000 ጊዜ በላይ ስለሚያነቃቃው ይህ አደጋ አይኖርም። ዋጋው ቢጨምርም ማሽን ባለበት ክፍል ሊታለፍ አይገባም ብዬ አምናለሁ። ለጊዜው መለወጥ ያልቻለ ሰው ቢያንስ በማሽኑ አጠገብ ተራ የክር አምፖል ያብራ፤ ክሩ በፍጥነት ስለማይቀዘቅዝ ብርሃኑ ያን ያህል አይዋዥቅም።

አሰቃቀሉን በተመለከተ፣ አንዱ መያዣ ከጠረጴዛው ርዝመት ጋር ትይዩ ሆኖ፣ ሠራተኛው በሚቆምበት በኩል ካለው የጠረጴዛ ጠርዝ በላይ ወይም ትንሽ ወደ ግድግዳው ገባ ብሎ ይሰቀል፤ ከጭንቅላት ኋላ ፈጽሞ አይሁን። ሌሎቹ ሁለቱ ከማሽኖቹ በላይ ይሁኑ። ጣሪያው ከፍ ያለ ቆርቆሮ ከሆነ መያዣዎቹን በሰንሰለት ከወለሉ 2.5 ሜትር ገደማ ድረስ ማውረድ ይቻላል፤ ረጅም ጣውላ በሚገለበጥበት ስፍራ ግን የፕላስቲክ መሸፈኛ ያስፈልጋቸዋል። የመብራቱ መስመር ከማሽኑ መስመር ተለይቶ የራሱ ብሬከር ይኑረው፤ አለበለዚያ መጋዙ ብሬከሩን ሲጥለው ሠራተኛው ገና እየዞረ ካለ ምላጭ ፊት በጨለማ ይቀራል።

የእንጨት ብናኝ ብርሃኑን ስለሚሸፍን አምፖሎቹ መብራቱ ጠፍቶ ከቀዘቀዙ በኋላ በየጊዜው ይወልወሉ። ውስጣቸው ጥቂት ሜርኩሪ ስላለ፣ አንዱ ቢሰበር በሩን ከፍቶ ክፍሉን ለቆ መውጣት፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላም ስብርባሪውን በመጥረጊያ ሳይሆን በወፍራም ወረቀት ሰብስቦ፣ ቀሪውን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ በሚከደን ዕቃ ማኖር ይገባል።