ጭጋግ የያዘው ፍላወር ፍሮግ፦ ችግርና መፍትሄ

ይህ ጽሑፍ አሜሪካ ውስጥ ከትሪፍት ስቶርና ከኢስቴት ሴል የድሮ የመስታወትና የሴራሚክ ፍላወር ፍሮግ ለምትለቅሙ ነው። ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ተቀምጦ የአበባ ግንድ ቀጥ አድርጎ የሚይዘውን ባለ ቀዳዳ ዕቃ ማለቴ ነው። አቧራና ቅባት ለብ ባለ ውሃና በሳሙና እንደሚለቅ ታውቃላችሁ። ሳሙና የማይፈታውን እናውራ።

ምልክት፦ መስታወቱ ጭጋግ ለብሷል፤ ሲረጥብ ይጠፋል፣ ሲደርቅ ይመለሳል

ሰው ይዞልኝ ከሚመጣው አብዛኛው ይሄ ነው። ምክንያቱ ከሁለት አንዱ ነው፤ ችግሩ ሁለቱ በዓይን መመሳሰላቸው።

አንደኛው የውሃ ኖራ ነው። ውሃው ሲተን ካልሲየሙ ቀዳዳዎቹ ውስጥ ተጋግሮ ይቀራል። ይሄ ይለቃል። ሁለተኛው የመስታወቱ የራሱ መበላት ነው። የአበባ ውሃ ለሳምንታት ሳይቀየር ሲቆም ከመስታወቱ ገጽ ላይ ሶዲየሙን እየሳበ ያወጣል። የሚቀረው በዓይን የማይታይ ቀዳዳ የሞላበት ስስ ንብርብር ነው። ይሄ ቆሻሻ አይደለም። የተበላ ነገር ደግሞ ታጥቦ አይመለስም።

መለያው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ጥፍራችሁን አሂዱበት። ወፍራም ኖራ ቅርፊት ሆኖ ይይዛችኋል። ካልያዘ ጥጥ ነጭ አቼቶ ውስጥ ነክራችሁ አንድ ቦታ ላይ ለግማሽ ሰዓት አስቀምጡ። አጥቡትና ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ጠብቁ። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። እርጥብ መስታወት ሁሌም ንጹህ ይመስላል፣ ውሃው ሻካራውን ገጽ ሞልቶ ስለሚያለሰልሰው። ማታ "ለቀቀልኝ!" ብሎ ያመሰገነኝ ሰው ጠዋት አኩርፎ ይደውላል።

ደርቆም ቦታው ከጠራ ኖራ ነበር፤ ደስ ይበላችሁ። ዕቃውን በሙሉ ባልቀጠነ ነጭ አቼቶ ውስጥ አሳድሩት። በነጋታው ለስትሮ ማጠቢያ በሚሸጠው ቀጭን ብሩሽ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ እሹ። ካልለቀቀ ድገሙት። የሽቦ መፈተጊያ አትጠቀሙ። አቼቶውን አታሙቁ፤ ወፍራም መስታወት ድንገተኛ ሙቀት ሲነካው ይሰነጠቃል። የሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ያፈሰሰ ጋሼ አውቃለሁ። መስታወቱ አልጠራለትም፣ እሱ ግን ሲያስል ከረመ።

ደርቆ ጭጋጉ ከተመለሰ ግን ተበልቷል። ባለሙያዎች በመዳብ ቁርጥራጭና ሴሪየም ኦክሳይድ በሚባል የመስታወት ማለስለሻ ዱቄት እያሽከረከሩ የሚያጠሩበት ዘዴ አለ። ለጠርሙስና ለአበባ ማስቀመጫ ጥሩ ይሠራል። ለፍላወር ፍሮግ ግን ጠባብ ቀዳዳዎቹ ውስጥ መድረስ ያስቸግራል፣ ሂሳቡም አብዛኛውን ጊዜ ከዕቃው ዋጋ ይበልጣል። መፍትሄው አለመግዛት ነው።

አለመግዛት ደግሞ እንደማወራው ቀላል አይደለም፣ ምክንያቱም ዘይት የሚቀቡ ሻጮች አሉ። ስስ ዘይት ልክ እንደ ውሃ ጭጋጉን ይደብቃል፤ የሚለየው ቶሎ አለመድረቁ ነው። አንዲት እህታችን እርቃኗን በሻሽ የሸፈነች ሴት የቆመችበት አረንጓዴ ፍላወር ፍሮግ በጥሩ ብር ገዛች። ቤት ወስዳ በሳሙና ስታጥባት ሴትዮዋ ከጉልበቷ በታች ወተት መሰለች። ሻጩ "ስሸጥልሽ ንጹህ ነበር" አላት። ዓይን አውጣ! ስለዚህ የአልኮል መጥረጊያ ወረቀት ኪሳችሁ ይኑር። ሻጩን አስፈቅዱና ታችኛውን ጠርዝና አንድ ቀዳዳ ጥረጉ፣ ትንሽ ጠብቁ። አላስጠርግም ካለ መልሱን ሰጥቷችኋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ሆን ተብሎ የደበዘዘም አለ። ኦሃዮ የነበረው ካምብሪጅ ግላስ ሴት የቆመችባቸውን ፍላወር ፍሮጎች በጥርት ያለም፣ በደብዛዛም መስታወት ሠርቷል። የፋብሪካው ድብዘዛ ወጥ ነው። የውሃው ግን ከታች ይበረታል፣ ውሃው የደረሰበት መስመር ላይ ይቆማል።

ዲሽ ዋሸርም መስታወት ይበላል፤ እዚያ ውስጥ የከተታችሁ አትደውሉልኝ።

ምልክት፦ ሴራሚኩ ላይ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ቡናማ መስመር

ላዩ ያለው አንጸባራቂ ሽፋንና ከሥሩ ያለው ሸክላ ሲቀዘቅዙ እኩል ካልተኮማተሩ ሽፋኑ ፀጉር በሚያህል ስንጥቅ ይሞላል። ስንጥቁ ብቻውን አያስነውርም። የሚያስቀይመው የአበባ ውሃ ገብቶ ሲበሰብስበት ነው። 1931 ላይ የተዘጋው የኦሃዮው ካዋን ፖተሪ የሠራቸው የደናሽ ቅርጽ ያላቸው ክሬም ቀለም ፍላወር ፍሮጎች ላይ ይሄ ቶሎ ዓይን ይገባል።

መፍትሄው ከፋርማሲ የሚገዛው 3% ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ነው። ዕቃውን መጀመሪያ ንጹህ ውሃ አጠጡት። ከዚያ ፐርኦክሳይዱ ውስጥ ለቀናት አቆዩት። ጨለማ ቦታ ይሁን፣ ክዳኑ ላላ ይበል፤ ጋዝ ስለሚያወጣ ጥርቅም ብሎ የተዘጋ ዕቃ ሊፈነዳ ይችላል። ጓንት አድርጉ። ሲነጣ ንጹህ ውሃ ውስጥ እየቀያየራችሁ አቆዩት፣ ቀስ ብሎ ይድረቅ። ኦቨን ውስጥ አይደለም!

በረኪና አይሆንም። ስንት ጊዜ ልበል? እኛ ሰዎች ነጭ ነገር ስናይ እጃችን በረኪና ላይ ነው። መጀመሪያ ያነጣዋል፣ እውነት ነው። ግን ጨው ሸክላው ውስጥ ትቶ ይሄዳል። ጨው ሲደርቅ ይጠጥርና ሽፋኑን ከሥሩ ይገፋዋል። ከወራት በኋላ መደርደሪያው ላይ ቅርፊት ታገኛላችሁ። በረኪናና አቼቶ ደግሞ በፍጹም አይገናኙ፤ የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል።

አቼቶውም ለመስታወት ያልኩት ነው። የድሮ ሴራሚክ ሽፋን ብዙ ጊዜ እርሳስ አለበት፣ አሲድ ይበላዋል። የወርቅ ቅብ ካለውማ ጭራሽ አታስጠጉት።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ

ቀለሙ ውሃ ላይ ከለቀቀ ሳይተኮስ የተቀባ ነው፤ የጃፓን ወፍ ቅርጽ ያላቸው ላይ አይቻለሁ። በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ብቻ።

ስትነክሩት ከተላቀቀ ቀድሞ በማጣበቂያ የተገጠመ ነበር። የድሮውን ሙጫ አጽድታችሁ ፓራሎይድ ቢ-72 የሚባለውን ማጣበቂያ ተጠቀሙ፤ ነገ ከፈለጋችሁ በአሴቶን ይለቃል። ሱፐር ግሉ ይቅርባችሁ።

በአልትራቫዮሌት መብራት ሴራሚኩ ላይ አንድ ቦታ ብቻ በሌላ ቀለም ካበራ ጥገና ነው። መስታወቱ በሙሉ ደማቅ አረንጓዴ ካበራ ዩራኒየም አለበት፤ ዕድሜውን ግን አይነግራችሁም፣ ዛሬም ይሠራል።