በሐሩር ባሕር ከደሴት ደሴት፦ የሙሉ ቀን የስኖርክል ጉዞን በአግባቡ ለመጠቀም

አራት ወይም አምስት ደሴቶችን በአንድ ቀን የሚያዳርስ የጀልባ ጉዞ በማስታወቂያ ሲታይ ቀኑ በሙሉ ውሃ ውስጥ የሚያልፍ ይመስላል። በተግባር ግን ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ተነስቶ ወደ ማታ በሚመለስ ጉዞ ፊትን ውሃ ውስጥ ነክሮ፣ ስኖርክል በሚባለው የመተንፈሻ ቱቦ እየተነፈሱ፣ ኮራል (ድንጋይ የሚመስል ሕያው የባሕር ነገር) እና ዓሣ የሚታይበት ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከሁለት ሰዓት ብዙም አይዘልም፤ ቀሪው በጀልባ መጓዝ፣ መሳፈርና መውረድ፣ ምሳ መብላት፣ ሌላውን መንገደኛ መጠበቅ ነው። ስለዚህ ጉዞ ሲመርጡ የደሴቶቹን ቁጥር ትተው በእያንዳንዱ ማረፊያ ውሃ ውስጥ ስንት ደቂቃ እንደሚሰጥ ይጠይቁ። በእኔ ግምት አንድ አንድ ሰዓት የሚሰጥባቸው ሁለት ጥሩ ቦታዎች ሃያ ሃያ ደቂቃ ከሚሰጥባቸው ስድስት ቦታዎች ይሻላሉ፤ ትንፋሽ እስኪረጋጋ፣ ዓይን እስኪለምድና የሸሹት ዓሦች እስኪመለሱ ድረስ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ያለ ብዙ ጥቅም ያልቃሉና።

ከቦታው በፊት ወቅቱን ይምረጡ። በታይላንድ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ በአንዳማን ባሕር፣ ባሕሩ ጸጥ የሚለው ከኖቬምበር እስከ ኤፕሪል ባሉት ወራት ሲሆን የሲሚላን ደሴቶች ብሔራዊ ፓርክ ከሜይ አጋማሽ እስከ ኦክቶበር አጋማሽ ለጎብኚ ዝግ ነው። በካሪቢያን የአውሎ ነፋስ ወቅት የሚባለው ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው። በሰሜናዊ አውስትራሊያ ደግሞ ከኖቬምበር እስከ ሜይ ገደማ ጄሊፊሽ የሚባሉ አደገኛ፣ ለስላሳ አካል ያላቸው የባሕር እንስሳት ወደ ዳርቻ ስለሚቀርቡ ዋናተኞች ሙሉ ሰውነት የሚሸፍን ስስ ልብስ ይለብሳሉ። አንዳንድ ቦታ ስሙ ገንኖ ሳለ ለመዋኛ የማይሆን ሆኖ ይገኛል፤ በጎብኚ ብዛት ተጎድቶ እ.ኤ.አ. በ2018 የተዘጋው የታይላንዱ ማያ ቤይ በ2022 ሲከፈት ለመዋኘት ጥብቅ ገደብ ተደርጎበት ነው። የጉዞው ዝርዝር ላይ የሰፈረ ስም ሁሉ መዋኛ ነው ብለው አያስቡ፤ የትኛው መዋኛ፣ የትኛው ፎቶ ማንሻ ብቻ እንደሆነ አስቀድመው ያጣሩ።

ቀኑን ሲወስኑ ደግሞ የነፋሱንና የባሕሩን መሙላትና መጉደል ትንበያ ይመልከቱ። በሐሩር ዳርቻዎች ጠዋት ነፋሱ ደካማ ሆኖ የብሱ እየሞቀ ሲሄድ ከሰዓት በኋላ የሚበረታበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ስለዚህ በጣም የሚጓጉለትን ሪፍ (ኮራል የተከማቸበትን የባሕር ቦታ) በመጀመሪያ የሚያደርስ ጉዞ ይመረጣል። በአብዛኛው ዳርቻ ባሕሩ ሞልቶ እስኪጎድል ስድስት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ በሙሉ ጨረቃና በአዲስ ጨረቃ ሰሞን ልዩነቱ ይሰፋል፣ የውሃው ፍሰትም ይፈጥናል። ውሃው በጣም ሲጎድል ኮራሉ ከሆድዎ በታች በስንዝር ርቀት ላይ ስለሚሆን ለእርሱም ለእርስዎም መልካም አይደለም። ሞልቶ ጥቂት በሚረጋበት ሰዓት ግን ብዙውን ጊዜ እይታውም ይጠራል፣ መዋኘቱም ይቀላል።

ፈጣን ጀልባ ራቅ ወዳሉ ደሴቶች ቶሎ ያደርሳል፤ ነገር ግን በማዕበል ላይ እየዘለለ ስለሚወድቅ የጀርባ ሕመም ላለበት ሰው ከባድ ነው፤ ነፍሰ ጡር ሴትም ባትሳፈርበት ይመረጣል። ዝግ ያለ የእንጨት ጀልባ ሰዓት ይወስዳል፣ በምትኩ ጥላና መንቀሳቀሻ ቦታ ይሰጣል። በየትኛውም ቢሄዱ ለሁሉም ተሳፋሪ የሚበቃ ላይፍ ጃኬት፣ ከውሃ መውጫ መሰላልና የመገናኛ ሬዲዮ መኖሩን፣ ውሃ ውስጥ ከተጓዦች ጋር የሚገባ አስጎብኚ መመደቡን ይጠይቁ። ጀልባው ሪፍ አጠገብ ሲቆም መልህቅ ይጥላል ወይስ ከተተከለ ተንሳፋፊ ቡይ ጋር ይታሰራል የሚለውም ጥያቄ ስለ አዘጋጁ ብዙ ይናገራል፤ ኮራል ላይ የሚጎተት መልህቅ በአንድ ጠዋት የሚሰብረውን ለመተካት አሥርተ ዓመታት ሊያስፈልጉ ይችላሉ።

ከዕቃ አንድ ብቻ ይግዙ ቢባል አፍንጫን ጭምር የሚሸፍነውን የውሃ መነጽር እመርጣለሁ። የእግር መቅዘፊያውን ከጀልባው ቢዋሱ ብዙም አይጎዳም፤ ፊት ላይ የማይገጥም መነጽር ግን ቀኑን ሙሉ ውሃ ሲያስገባ ይውላል። ልክዎ መሆኑን ለማወቅ ማሰሪያውን ወደ ፊት ገልብጠው መነጽሩን ፊትዎ ላይ በቀስታ ያስቀምጡ፣ ከሲሊኮኑ ጠርዝ ሥር ፀጉር አለመግባቱን በጣትዎ ይዳስሱ፣ ከዚያ በአፍንጫዎ ጥቂት አየር ስበው እጅዎን ይልቀቁ። ትንፋሽዎን ይዘው እስከቆዩ ድረስ ካልወደቀ ለፊትዎ ቅርጽ ይስማማል። ውሃ ሲያስገባ ብዙ ሰው ማሰሪያውን ያጠብቃል፤ ይህ ግን ጠርዙን እያጣመመ ይበልጥ እንዲያስገባ ከማድረግና ግንባር ላይ ሰንበር ከማውጣት በቀር አይረዳም። ረዘም ያለ ሪዝ ያለው ሰው ከአፍንጫው ሥር ያለውን አሳጥሮ ቢቆርጥ ይሻለዋል። የእይታ መነጽር የሚያደርጉ ከሆነም የእይታ ኃይል ያለው ሌንስ የተገጠመለት የውሃ መነጽር ስለሚገኝ ቀኑን በብዥታ ማሳለፍ አይኖርብዎትም።

አዲስ መነጽር ከፋብሪካ ሲወጣ መስተዋቱ ላይ ስስ ቅባት ስለሚቀር ካልጸዳ ምንም ቢደረግ በጉም ይሸፈናል። መስተዋቱ ፕላስቲክ ሳይሆን እውነተኛ መስተዋት ከሆነ ከጉዞው በፊት ውስጡን በተራ የጥርስ ሳሙና ደጋግመው አሽተው ይጠቡት። በጉዞው ቀን ደግሞ ወደ ውሃ ከመግባትዎ በፊት ደረቁ መስተዋት ላይ ምራቅዎን ቀብተው በጣት ካዳረሱ በኋላ በባሕር ውሃ አንድ ጊዜ ብቻ ያለቅልቁት። አጠቃቀሙ ደስ አይልም፤ ይሠራል ግን። ጥቂት የሕፃናት ሻምፑ በውሃ በጥብጦ መያዝም ያንኑ ያህል ያገለግላል።

በቱቦው መተንፈስን መጀመሪያ ውሃው ወገብ በሚደርስበት ቦታ ቆመው ይለማመዱ። በቱቦው ውስጥ ቀደም ሲል ያስወጡት አየር ስለሚቀር በችኮላና በአጭሩ የሚተነፍስ ሰው ያንኑ የተጠቀመበትን አየር እየመላለሰ ይስባል፤ ረጅም፣ ዝግ ያለ ትንፋሽ ግን አዲስ አየር ያስገባል። ቱቦው ውሃ ሲገባበት ፍርፋሪ ከአፍ በኃይል እንደሚተፋ ሁሉ አንድ ጊዜ «ቱ!» ብለው ይግፉት፤ የቀረ ጠብታ ቢኖር ቀጣዩን ትንፋሽ በጥንቃቄ ይሳቡና ይድገሙት። ሙሉ ፊት የሚሸፍነውን ዓይነት መነጽር እኔ አልመክርም። በተለይ አሠራሩ ጥሩ ካልሆነ የወጣው አየር በውስጡ ሊጠራቀም ይችላል፣ ችግር ሲመጣም እንደ ተራው ቱቦ ከአፍ አውጥቶ ወዲያው መገላገል አይቻልም። የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት ሰው ጉዞውን ከመያዙ በፊት ሐኪሙን ያማክር፤ ፊትን አቀርቅሮ በቱቦ እየተነፈሱ መዋኘት ከሚገመተው በላይ ያደክማል።

የማቅለሽለሽ ችግር የሚነሳው የውስጥ ጆሮ የሚሰማው እንቅስቃሴና ዓይን የሚያየው ሲለያዩ ስለሆነ መድኃኒቱ ከሕመሙ መቅደም አለበት። እንደ ዳይመንሃይድሪኔት ያሉት እንክብሎች የሚወሰዱት ከመነሳት ግማሽ ወይም አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ሲሆን እንቅልፍ እንደሚያመጡ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ከዚህ በፊት ወስደዋቸው የማያውቁ ከሆነም በሌላ ቀን ሞክረዋቸው ቢመጡ ይመረጣል። ቁርስ ይብሉ፤ ቅባት የበዛበትን ግን ይተዉ። ጀልባው ላይ እንቅስቃሴው በሚቀንስበት በመሃሉ ወይም በስተኋላው በኩል ተቀምጠው ዓይንዎን ሰማይና ባሕር በሚገናኙበት መስመር ላይ ያሳርፉ፤ ስልክዎንም ወደ ቦርሳ ይመልሱት።

ፀሐይን በተመለከተ ከሁሉ የሚበልጠው ክሬም ሳይሆን እጅጌው ረጅም የሆነ የመዋኛ ሸሚዝ ነው። በስኖርክል የሚዋኝ ሰው ጀርባውን ለፀሐይ ሰጥቶ ስለሚንሳፈፍ፣ ውሃውም ሙቀቱን እንዳይሰማው ስለሚያደርግ፣ መቃጠሉን የሚያውቀው ማታ ነው። በብዛት የሚረሱት ማጅራት፣ የጆሮ ጫፍና ከጉልበት ጀርባ ያለው ቆዳ ናቸው። ለተቀረው የሰውነት ክፍል መከላከያ ቁጥሩ 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ፣ ውሃ የሚቋቋም ክሬም ከመነሳትዎ በፊት ይቀቡ፤ በየሁለት ሰዓቱና ከውሃ በወጡ ቁጥርም ይድገሙት። የክሬሙን ይዘት ያንብቡ፤ የፓሲፊክ ደሴት አገር የሆነችው ፓላው ከ2020 ጀምሮ ኦክሲቤንዞንና ኦክቲኖክሴት የተባሉትን ጨምሮ ኮራልን ይጎዳሉ የተባሉ ንጥረ ነገሮች ያሉባቸውን ክሬሞች ከልክላለች፣ ሃዋይ ከ2021 ጀምሮ የሁለቱን ሽያጭ አግዳለች፣ ታይላንድም በዚያው ዓመት በባሕር ብሔራዊ ፓርኮቿ ተመሳሳይ እገዳ ጥላለች። ዚንክ ኦክሳይድ ያለባቸውና የተከለከሉት ንጥረ ነገሮች የሌሉባቸው ክሬሞች ከእነዚህ ሕጎች ጋር አያጋጩዎትም።

ቦርሳው ውሃ የማያስገባና አፉ ተጠቅልሎ የሚዘጋ ቢሆን ይመረጣል። የመጠጥ ውሃ፣ ፎጣ፣ ለመመለሻ የሚሆን ደረቅ ሸሚዝ፣ ለደሴት መግቢያ የሚከፈል ጥሬ ገንዘብና ሹል ድንጋይ የሚቋቋም ጫማ ይበቃል። ፓስፖርትና ጌጣጌጥ ማረፊያዎ ይቅሩ።

ሪፉ ጋር ሲደርሱ ተንደርድረው አይግቡ። በመጀመሪያ ጀልባው በየት በኩል እንደሚጠብቅና ውሃው ወዴት እንደሚፈስ ካፒቴኑን ይጠይቁ፤ ከገቡም በኋላ እጅና እግርዎን ሳያንቀሳቅሱ ለግማሽ ደቂቃ ተንሳፍፈው ከታች ካለው ኮራል አንጻር ወዴት እንደሚወሰዱ ይመልከቱ። ከዚያ መጀመሪያ ፍሰቱን ተቃርነው ይዋኙ፣ ሲደክሙ ፍሰቱ ራሱ ወደ ጀልባው ይመልስዎታል። ሁልጊዜ ከአንድ ሰው ጋር ይሁኑ፤ በየጥቂት ደቂቃውም ቀና ብለው ጓደኛዎንና ጀልባውን ያረጋግጡ። ሞተሩ በሚሠራ ጀልባ የኋላ በኩል በፍጹም አይጠጉ። ፍሰቱ ካሸነፈዎት አይታገሉት፤ እጅዎን ከፍ አድርገው እያወዛወዙ ተንሳፍፈው ይጠብቁ። ላይፍ ጃኬት ማድረግ የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ ሳይታገሉ የሚንሳፈፍ ሰው ከሚፍጨረጨረው ይልቅ ብዙ ያያል።

እግርዎን ከጉልበት ሳይሆን ከዳሌ በዝግታ ያንቀሳቅሱ። ውሃ ውስጥ ነገሮች በአንድ ሦስተኛ ያህል ገዝፈው፣ ቀረብ ብለውም ስለሚታዩ መቅዘፊያው ከኮራሉ ያለው ርቀት ያታልላል። ሁለቱንም ጆሮዎን ውሃ ውስጥ ሲያደርጉ ዘይት ላይ የወደቀ ውሃ ዓይነት የማያቋርጥ ጠጠጠታ ይሰማዎታል፤ ድምፁ በኮራሉ ስንጥቆች ውስጥ የተደበቁ፣ ጥፍራቸውን የሚያጮሁ ትንንሽ ሽሪምፖች ነው። ከዚያ በላይ ጎልቶ የሚሰማው ቀርጨም ቀርጨም ደግሞ ፓሮትፊሽ የተባለው ዓሣ መንቁር በመሰለ ጥርሱ ድንጋዩን ሲፍቅ ነው፤ ጥቂት ከተከተሉት የፈጨውን ነጭ አሸዋ ከኋላው ሲያፈስ ያዩታል። የባሕር ኤሊ ካጋጠመዎት ከበላይዋ አይንሳፈፉ፣ ለመተንፈስ የምትወጣበትን መንገድ መዝጋት ነውና፤ ከጎን ሆነው ጥቂት ሜትሮች ርቀው ይመልከቷት።

ኮራል ድንጋይ ቢመስልም በትንንሽ እንስሳት የተሸፈነ ሕያው ነገር ነው፤ ክብ ቅርጽ ያላቸው ዓይነቶች በዓመት ከአንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ በላይ አያድጉም። ስለዚህ አይቁሙበት፣ አይያዙት፣ አጠገቡም አሸዋ አያስነሱ። ዓሣ መመገብም የዓሦቹን ጠባይ ያበላሻል፤ አስጎብኚው ዳቦ ቢሰጥዎትም አይቀበሉ።

እግር ማሳረፍን መተው እርስዎንም ይጠብቃል፤ የባሕር ጃርት እሾህና ድንጋይ መስሎ የሚተኛው ስቶንፊሽ የተባለው መርዛማ ዓሣ የሚወጉት በአብዛኛው የሚረግጣቸውን ነው። የስቶንፊሽ መርዝ በሙቀት ስለሚዳከም የተወጋውን እግር የማያቃጥል ግን በደንብ የሞቀ፣ እስከ 45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚደርስ ውሃ ውስጥ ነክሮ ወደ ሕክምና መሄድ ያስፈልጋል። ቦክስ ጄሊፊሽ የነካውን ሰው ከውሃ አውጥተው ቢያንስ ለግማሽ ደቂቃ አቼቶ ያፍስሱበት፤ አይሹት፣ በንጹሕ ውሃም አይጠቡት፣ አስቸኳይ እርዳታ ይጥሩ። በኮራል የተጫረ ቆዳ ቀላል ቢመስልም ቶሎ ያመረቅዛልና ወዲያውኑ በንጹሕ ውሃና በሳሙና ይታጠብ።

ከምሳ በኋላ ያለው ክፍል አብዛኛው ሰው የሚዘናጋበት ነው። ውሃ ሙቀትን ከአየር ሃያ ጊዜ በላይ ፈጥኖ ስለሚወስድ 28 ዲግሪ በሆነ ባሕር ውስጥም ቢሆን ረጅም ጊዜ የቆየ ሰው ይበርደዋል፤ የጠዋቱ ዋና፣ ፀሐዩና ጨዋማው አየር ተደምረው ደግሞ የሰውነትን ውሃ ይጨርሳሉ። በየማረፊያው ይጠጡ፤ የአልኮል መጠጥ ግን የመጨረሻው ዋና እስኪያልቅ ይቆይ። ጥርስዎ መንገጭገጭ፣ ባትዎ መሸማቀቅ ከጀመረ ወይም ነፋሱ ተነስቶ ውሃው ከደፈረሰ የመጨረሻውን ሪፍ ይተዉት። የተከፈለበት ስለሆነ ብቻ የሚገባበት የመጨረሻ ማረፊያ ከቀኑ ሁሉ አነስተኛውን እይታና ከፍተኛውን ድካም ይሰጣል፤ በዚያ ሰዓት ጀልባው ላይ ቀርቶ ደረቅ ሸሚዝ መልበስ የተሻለ ነው። የመልሱ ጉዞ ብዙ ጊዜ በነፋስና በፍንጥርጣሪ የታጀበ ነውና ሸሚዙን ከቦርሳው በላይ ያኑሩት፣ ማቅለሽለሽ የሚያስቸግርዎትም ሁለተኛውን እንክብል ስለ መውሰድ መመሪያውን አስቀድመው ያንብቡ።

ማታ መነጽሩንና ቱቦውን በንጹሕ ውሃ አለቅልቀው ጥላ ውስጥ ያድርቁ፤ ጨውና ፀሐይ ሲሊኮኑን ያደርቁታል። በጆሮዎ ውስጥ ውሃ ቢቀር ጭንቅላትዎን አዘንብለው ያፍስሱት እንጂ በጥጥ አይጎርጉሩት። በማግሥቱ አውሮፕላን የሚሳፈሩ ከሆነ በውሃው ገጽ ላይ ብቻ የዋኘ ሰው በተለምዶ የኦክስጂን ሲሊንደር በሚባለው ዕቃ ታምቆ በተያዘ አየር እየተነፈሰ ጠልቆ እንደሚዋኝ ሰው ከበረራ በፊት የግዴታ ሰዓታት መቁጠር አይኖርበትም።