የሙያ ምርጫን ስናስተምር ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጎንደር ውስጥ አንድን የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ወደፊት ምን መሆን እንደሚፈልግ ቢጠይቁት፣ መልሱ ከሐኪም፣ ከመሐንዲስ ወይም ከአብራሪ ብዙም አይርቅም። ይህ የሚሆነው ልጆቹ ምኞት ስላነሳቸው አይደለም፤ በቅርብ ያዩትና በስሙ የሚያውቁት ሥራ ጥቂት ስለሆነ ነው። በእኔ እምነት የሙያ ምርጫ ትምህርት ሥራው ይህን ዝርዝር ማርዘምና ተማሪው ስለ ሥራ መጠየቅን እንዲለምድ ማድረግ ነው። ከዚህ በታች የማነሳቸው ስህተቶችም አብዛኞቹ የሚመነጩት ተማሪውን መጠየቅ ከማስተማር ይልቅ ቶሎ ለማስመረጥ ከመቸኮል ነው።

ከሁሉም የሚቀድመው ስህተት ዘግይቶ መጀመር ነው። በብዙ ትምህርት ቤቶች ስለ ትምህርት መስኮች በወጉ የሚነገረው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ወጥቶ የዩኒቨርሲቲ ምርጫ በሚሞላበት ሰሞን ነው። መንገዱ የሚለየው ግን ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ ተማሪው ወደ አሥራ አንደኛ ክፍል ሲያልፍ የተፈጥሮ ሳይንስ ወይም የማኅበራዊ ሳይንስ ብሎ በሚመዘገብበት ቀን ነው። ጓደኛውን ተከትሎ ማኅበራዊ ሳይንስ የገባ ልጅ ሕክምናንና ምህንድስናን በዚያኑ ዕለት እንደተሰናበተ የሚነግረው የለም፤ «ሶሻል የሰነፍ ነው» ሲባል ሰምቶ የተፈጥሮ ሳይንስ የገባውም እንዲሁ ከሕግና ከታሪክ እንደራቀ አያውቅም። ቀድሞ የአሥረኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና በነበረበት ጊዜ ተማሪውም ወላጁም ቢያንስ በዚያ መታጠፊያ ላይ ቆም ብለው ያስቡ ነበር። ፈተናው ከቀረ ወዲህ ግን ያ መታጠፊያ ሳይታወቅ የሚታለፍ ሆኗል፤ ስለዚህ የትምህርቱ አጀማመር ከዘጠነኛ ክፍል የመጀመሪያ መንፈቅ ሊዘገይ አይገባውም።

ሁለተኛው ስህተት የዓመቱን ሥራ ሁሉ በአንድ «የሙያ ቀን» መጨረስ ነው። ይህን ስህተት እኔም ሠርቼዋለሁ። አንድ ዓመት በማስተምርበት ትምህርት ቤት እንግዶች ጋብዘን፣ አዳራሹን አስውበን፣ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሐኪምና በሙያው የታወቀ መሐንዲስ ንግግር አደረጉልን፤ ተማሪዎቹም ሞቅ ያለ ጭብጨባ አጨበጨቡ። በማግስቱ ክፍል ገብቼ ምን እንደተማሩ ስጠይቃቸው ያገኘሁት መልስ «ጎበዝ ከሆናችሁ ትደርሳላችሁ አሉን» የሚል ብቻ ነበር። ስለ ሌሊት ተረኝነት፣ ስለ ትምህርቱ ርዝመት ወይም ከሥራው ምኑ እንደሚያሰለች አንድም ተማሪ አልጠየቀም፤ ጥፋቱ ደግሞ የእንግዶቹ ሳይሆን ልጆቹን ጥያቄ ሳናስይዝ አዳራሽ ያስገባን የእኛ የመምህራኑ ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. በወጡትና የእንግሊዝ አገር ትምህርት ቤቶች በሚመሩባቸው ጋትስቢ በተባሉት ስምንት የሙያ ምክር መለኪያዎች መሠረት፣ አንድ ተማሪ ከአሥራ አንድ ዓመቱ ጀምሮ በየዓመቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ ከአሠሪ ወይም ከሠራተኛ ጋር ትርጉም ያለው ግንኙነት ሊያደርግ ይገባዋል። የእኛ አቅም ከእነሱ ጋር ባይነጻጸርም ለዚህኛው ገንዘብ አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው እንግዶቹን ማብዛት ሳይሆን ግንኙነቱን በየዓመቱ መደጋገምና አስቀድሞ ጥያቄ ማዘጋጀት ነው። «ጠዋት ሲገቡ መጀመሪያ የሚሠሩት ምንድን ነው?»፣ «ባለፈው ሳምንት የከበደዎት ነገር ምን ነበር?»፣ «ይህን ሥራ ያገኙት እንዴት ነው?» የሚሉ ሦስት ጥያቄዎች ከአንድ ሰዓት ንግግር የበለጠ ያስተምራሉ።

እንግዳውንም ስንመርጥ ዓይናችን የሚያርፈው የታወቀው ሰው ላይ ነው። የጎንደር ከተማ የራሷ ታሪክ ግን ሌላ ነገር ያሳያል። ዛሬ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የምንለው ተቋም በ1954 እ.ኤ.አ. የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ሆኖ ሲቋቋም ያሠለጥን የነበረው ሐኪሞችን ሳይሆን የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን ነበር፤ እነዚህም በየጤና ጣቢያው አንድ ቡድን ሆነው እንዲሠሩ ታስቦ ነው። የሐኪሞች ሥልጠና የተጀመረው ከሃያ ዓመታት በላይ ካለፉ በኋላ ነው። እንዲህ ያለ ታሪክ ባላት ከተማ ተማሪው «ጤና» ሲባል ሐኪምን ብቻ የሚያስብ ከሆነ አጠገቡ ያለውን ሆስፒታል በር ላይ ቆሞ ነው የሚያየው ማለት ነው። የላቦራቶሪ ባለሙያዋን፣ ለቀዶ ሕክምና ሰመመን የሚሰጠውን፣ የዓይን እይታ የሚለካውን፣ ፊዚዮቴራፒስቱን፣ የተበላሸ የሕክምና መሣሪያ የሚጠግነውን ቴክኒሻን ብንጋብዝ የልጆቹ ዝርዝር በአንድ ከሰዓት በኋላ በእጥፍ ያድጋል።

ሦስተኛውና ሥሩ የጠለቀው ስህተት ሙያዎችን ከላይ ወደ ታች ደርድሮ ማስተማር ነው። «ካልተማርክ ቴክኒክና ሙያ ትገባለህ» የሚለው ማስፈራሪያ ከመምህር አፍ ጭምር ይሰማል። ይህ ንግግር በልጆቹ ላይ የሚያደርሰውን ለመረዳት አንድ ቁጥር በቂ ነው። በ2015 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 845,188 ተማሪዎች ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 27,267፣ ማለትም 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በቀጣዩ ዓመትም ቁጥሩ ወደ 5.4 በመቶ ከፍ ቢልም ነገሩ ያው ነው። ከመቶ ተማሪ ከዘጠና በላይ የሚሆኑት የሚሄዱበትን መንገድ ሁሉ አስቀድመን ውርደት ብለን ከሰየምነው፣ ልጆቹ እዚያ ሲደርሱ ጆሯቸው ለምክር ዝግ ነው።

የእጅ ሥራን መናቅ ደግሞ ትናንት የመጣ ነገር አይደለም። አንጥረኛው፣ ሸማኔው፣ ፋቂውና ሸክላ ሠሪዋ በአገራችን በሙያቸው ሲሰደቡ ኖረዋል፤ ዳግማዊ ምኒልክ ይህን ስድብ የሚከለክል አዋጅ እስከማስነገር የደረሱትም ለዚህ ነው። ጎንደር ውስጥ ሆኖ ይህን ንቀት መቀጠል በተለይ ያስገርማል፤ በ1979 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የፋሲል ግቢ የቆመው በድንጋይ ጠራቢና በኖራ ግንበኛ እጅ ነው፣ በቅርብ ዓመታት የተካሄደው እድሳትም ኖራን ከሲሚንቶ ለይቶ የሚያውቅ ባለሙያ የሚጠይቅ ነበር። ስለዚህ ስለ ቴክኒክና ሙያ ሲነገር ሥልጠናው በደረጃ የተከፋፈለ መሆኑን፣ ሠልጣኙ ሲጨርስ በመምህሩ ሳይሆን ራሱን በቻለ የብቃት ምዘና እንደሚፈተንና ከደረጃ ወደ ደረጃ ማደግ እንደሚቻል በትክክል ማስረዳት ይገባል። በአንጻሩም ዩኒቨርሲቲ መግባት የመጨረሻው ደጃፍ አለመሆኑን፣ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂው የመውጫ ፈተና ማለፍ እንዳለበት አለመንገር ሌላው ማታለል ነው።

የፍላጎት መጠይቅን እንደ ፍርድ መቁጠርም ይታያል። ጆን ሆላንድ የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ ፍላጎትን በስድስት ዓይነት የከፈለበት ዘዴ በየቦታው ተተርጉሞ ይሠራበታል። ነገር ግን ላቦራቶሪ ገብቶ የማያውቅን ልጅ «በቤተ ሙከራ መሥራት ያስደስትሃል?» ብሎ ጠይቆ «አያስደስተኝም» ሲል ከሳይንስ ማራቅ፣ የልጁን ፍላጎት ሳይሆን የትምህርት ቤቱን ጉድለት መለካት ነው። መጠይቁ ለጨዋታ መክፈቻነት ይጠቅማል፣ ከዚያ አያልፍም።

ወላጅን መርሳት ሌላው ነው። በከተማው ከሚማሩት ልጆች ብዙዎቹ ከዙሪያው ወረዳዎች መጥተው ቤት ተከራይተው የሚኖሩ ናቸው፤ አባት ወይም እናት ስንቅ ይዘው የሚመጡት በገበያ ቀን ነው። የወላጆች ስብሰባ ማክሰኞ ጠዋት ጠርቶ «ወላጅ ለልጁ ግድ የለውም» ብሎ መደምደም ተገቢ አይደለም። ቅዳሜ፣ ገበያው ሳይሞቅ፣ ለአንድ ሰዓት ብንጠራቸው ይመጣሉ። ሲመጡም «ልጅዎ ምን እንዲሆንልዎት ይፈልጋሉ?» ከማለት ይልቅ «ልጅዎ ቤት ውስጥ ሳይታዘዝ የሚሠራው ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል፤ አንድ አባት ልጃቸው የጎረቤቱን ሁሉ ሬዲዮ እንደሚፈታታ የሚነግሩን ያኔ ነው።

የመጨረሻው ስህተት የጨረሱትን ተማሪዎች ዱካ አለመከተል ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ከዚሁ ክፍል የወጣችና ዛሬ መምህርነት የምትማር፣ ወይም አዘዞ ውስጥ ጋራዥ የሚሠራ ልጅ ለአሁኑ ተማሪ ከማንኛውም እንግዳ ይልቅ ይቀርበዋል። ትምህርት ቤቶቻችን ግን የአላፊውን ቁጥር እንጂ ማን የት እንደገባ አይመዘግቡም። ለዚህ አንድ ደብተርና ሦስት መስመር ይበቃል፦ ስም፣ የገባበት ቦታ፣ ስልክ። መጠየቂያ ጊዜውም ተማሪው ማስረጃውን ለመውሰድ ወደ መዝገብ ቤት የሚመጣበት ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ ማግኘቱ ይከብዳል።