ማር በጎንደር፦ አገዛዙ፣ አቀማመጡና ለጤና የሚወሰድበት መንገድ

በጎንደርና በዙሪያው ዋናው ማር የሚቆረጠው ክረምቱ ወጥቶ አደይ አበባ መስኩን ካለበሰ በኋላ፣ በጥቅምትና በኅዳር ስለሆነ፣ የዓመት ማሩን አንድ ጊዜ ገዝቶ ማስቀመጥ የሚፈልግ ሰው ገበያ መውጣት ያለበት ያን ጊዜ ነው። በሐምሌ የሚቀርብ ማር ሁሉ መጥፎ ነው ማለት ባይሆንም፣ ብዙ እጅ የዞረ ወይም እሳት የነካው የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

ሲገዙ ቀለሙን ብዙ አይመኑት፤ ማር ነጭ፣ ቢጫ ወይም ቀይ የሚሆነው ንቦቹ በቀሰሙት አበባና በማር እንጀራው (በሰም ቀፎው) ዕድሜ ነው። ጠብታውን ውሃ ውስጥ ጥሎ ወይም ክብሪት ነክሮ መለኮስም ብዙ ሰው የሚተማመንበት መፈተኛ ቢሆንም፣ ወፍራም የስኳር ሽሮፕ ሁለቱንም ፈተና ያልፋል። ዱቄት የተቀላቀለበትን ግን መያዝ ይቻላል፤ ጥቂት ማር በውሃ በጥብጠው አንድ ሁለት ጠብታ የአዮዲን ቲንክቸር ሲጨምሩበት ወደ ጥቁር ሰማያዊ ከተለወጠ ዱቄት አለበት። ስኳርን በቤት ውስጥ የሚያጋልጥ ብልሃት ስለሌለ፣ ከሚያውቁት አናቢ መግዛት ወይም ከነእንጀራው መውሰድ ይሻላል። አረፋ የሚያወጣና የጠጅ ሽታ ያለው ማር ውሃው በዝቶ መፍላት የጀመረ ነው፤ በዓለም አቀፉ መመዘኛ የማር ውሃ ከመቶ 20 እጅ መብለጥ የለበትም።

በታኅሣሥ ብርድ ማሩ ብልቃጡ ውስጥ ረግቶ ማንኪያ አላስገባ ሲል፣ ምላስ ላይም እንደ ደቃቅ አሸዋ ሲንከሻከሽ «ስኳር ሸጡልን» ብሎ ሻጩን መርገም የተለመደ ነው። ሆኖም የሚረጋው በውስጡ ያለው ግሉኮስ ነው፤ ንጹሕ ማርም ይረጋል። ብልቃጡን እጅ በማያቃጥል ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ማቆየት ይበቃዋል፤ በቀጥታ እሳት ላይ መጣድ ግን መዓዛውንና ጠቃሚ ኢንዛይሞቹን ያጠፋል። ማር አሲድነት ስላለው በቆርቆሮ አይቀመጥም፤ እርጥበት ስለሚስብም ክዳኑ መግጠም አለበት።

ወደ ጤናው ስንመጣ፣ ማር በተሻለ ሁኔታ የተመሰከረለት ለጉንፋን ሳል ነው። ከአንድ ዓመት በላይ ለሆነው ልጅ ማታ ከመተኛቱ በፊት አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ለአዋቂ እስከ ሁለት መስጠት ጉሮሮን አለስልሶ ሳሉን ያስታግሣል። በሻይ ከሆነም ሻዩ ለመጠጣት እስኪመች በርዶ ይጨመር። ነጭ ሽንኩርት ቀጥቅጦ በማር መውሰድ የቆየ ልማዳችን ነው፤ ይሁን እንጂ ድብልቁን ለሳምንታት ከማስቀመጥ ለዕለቱ የሚበቃውን ብቻ ማዘጋጀት ይገባል። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ግን የሳንባ ነቀርሳ ምልክት ሊሆን ስለሚችል፣ ማር እየላሱ ቀን መቁጠሩን ትቶ ጤና ጣቢያ ሄዶ አክታ ማስመርመር ያስፈልጋል።

ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር በፍጹም አይሰጥም። በአንዳንድ ቤት አራስ ልጅን ቅቤ ወይም ማር ማቅመስ እንደ ምርቃት ይቆጠራል፤ አያቶችን ማስቀየም ቢከብድም እዚህ ላይ መጽናት ግድ ነው። በማር ውስጥ ሊኖር የሚችለው የቦቱሊዝም ባክቴሪያ ዘር በሕፃን አንጀት ውስጥ አድጎ መርዝ ያመነጫል፤ ሕፃኑም ሆዱ ይደርቃል፣ ለቅሶው ይደክማል፣ ጡት መሳብ ያቅተዋል፣ እስትንፋሱም እስከመቆም ሊደርስ ይችላል። ማሩን ማፍላትም ይህን ዘር አያጠፋውም።

ማር አሲድነቱ፣ የስኳሩ ብዛትና የሚፈጥረው ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ተደማምረው ባክቴሪያን ስለሚገቱ ለቃጠሎና ለቁስል እንደሚረዳ ይታወቃል። በሕክምና ቤት ለዚህ የሚውለው ግን በጨረር ከጀርም የጸዳ ማር ነው፤ ከገበያ የመጣውን ጥልቅ ቁስል ላይ መቀባት አይገባም።

ጣዝማ የራሱ ነገር አለው። የጣዝማ ንብ ትንሽ፣ የማትናደፍና ከመሬት ሥር የምትኖር ናት፤ ማሯም ቀጭንና ጎምዘዝ ያለ፣ ዋጋው ከተራው ማር እጅግ የላቀ ነው። ውሃው ብዙ ስለሆነ ቶሎ ይፈላል። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ በጠርሙስ አጥብቄ የዘጋሁት ጣዝማ ሌሊት ክዳኑን ወርውሮ መደርደሪያውን አጥቦት አድሯል። ስለዚህ በጥቂቱ ይገዛል፣ በቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጣል፣ ክዳኑም አልፎ አልፎ ይከፈታል። የሆድና የደረት መድኃኒት ነው የሚባለው በልማድ ነው፤ በቤተ ሙከራ ባክቴሪያ መግታቱ ታማሚን ይፈውሳል ማለት አይደለም።

የስኳር በሽታ ያለበት ሰው «ተፈጥሮአዊ ነው» በሚል ማርን እንደ ልቡ መብላት የለበትም። አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር 21 ግራም ያህል ሲመዝን 17 ግራሙ ስኳር ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም የማርን ስኳር መቀነስ ከሚገባው ስኳር ይመድበዋል። ብርዝም ቢሆን ያው ማር ነው።

ፕሮፖሊስ (ንቦች ከዛፍ ሙጫ የሚሠሩት ማጣበቂያ)፣ የአበባ ብናኝና ሮያል ጄሊ (ንግሥቲቱ ንብ የምትመገበው) ለብዙ በሽታ ይወደሳሉ፤ ማስረጃቸው ግን ከውዳሴው ያንሳል፣ አስም ወይም አለርጂ ላለበት ሰውም አደገኛ ሊሆኑ ይችላሉ። በንብ መናደፍ «ሕክምና» ደግሞ ፈጽሞ አልስማማም። የጎንደሯን ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን በ1880 ዓ.ም. ከደርቡሽ (ከሱዳን ከመጣው የመሐዲስቶች ጦር) ያዳናት የንብ መንጋ ነው ሲባል ያደግን ሰዎች ለንብ ያለን ክብር ከፍርሃት ጋር ነው፤ ተነድፎ ፊቱ የሚያብጥ ወይም ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል መድረስ አለበት።

ማሩ ተጨምቆ የሚቀረውን ሰፈፍ አይጣሉት። በውሃ ቀቅለው በጨርቅ ሲያጠሉትና ሲበርድ፣ ጧፍ የሚሠራበት ሰም ከላይ ይረጋል። ከዚህ ሰም አንድ እጅ ከአራት እጅ የምግብ ዘይት ጋር በትንሽ ዕቃ አድርገው፣ ዕቃውን የሞቀ ውሃ ባለበት ድስት ውስጥ አስቀምጠው ያቅልጡት፤ ሰም ስለሚቀጣጠል በቀጥታ እሳት ላይ አይጣድም። ሲረጋ ማታ እግርዎን ታጥበው የተሰነጠቀውን ተረከዝ ይቀቡትና ካልሲ አድርገው ይተኙ።